የማረፊያ ሜዳው አረም

መተማ ቆላ ውስጥ በክረምት ከመሬቱ ጋር የሚጣላ ሁሉ ይሸነፋል። ጥቁር መሬት ነው። በበጋ ይሰነጠቅና እግር ይውጣል፤ በክረምት ይላቁጥና ጫማ ይውጣል። እኛ እርሻ ውስጥ አንድ ክረምት ሙሉ ትራክተር ቆሞ የከረመበት ማሳ ነበር፤ ጎማው ጠፍቶ መቀመጫው ብቻ ይታይ ስለነበር ወፍ እንጂ ሾፌር አይቀመጥበትም። በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል ሰው ጫማውን ሳያጣ ክረምት ከበጋ የሚሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የእርሻው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ።

ሜዳውን እንዲህ ያደረገው መንግሥት እንዳይመስላችሁ። መንግሥት ያደረገለት ነገር ቢኖር ዳር ዳሩን ኖራ የተቀባ ድንጋይ መደርደር ነው። ሜዳውን አጥብቆ የያዘው መሬት ለመሬት የሚሳብ አንድ ተክል ነበር። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ፤ አበባው ቢጫ፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ። ማንም አልዘራውም። ከእርሻውም ከትራክተሩም በፊት እዚያው የነበረ ያገሩ ተወላጅ ነው። በበጋ የሞተ ይመስልና ግንቦት ላይ ዝናብ ሲሸተው ከዚያው ከአሮጌው ሥሩ ይነሣል። ሐምሌ ሲገባ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ያለብሰዋል፤ ሥሩም ጭቃውን ጨምድዶ ይይዘዋል። የደጋ ሰዎች ያገራቸውን ማገጥ ስለሚመስላቸው ማገጥ ይሉታል። የእርሻው የሰብል ባለሙያ ደግሞ ከተክሉ የሚረዝም የፈረንጅ ስም ያውቅለት ነበር፤ እኔ አልያዝሁትም።

ጥቅሙን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከምተርክላችሁ ክረምት በፊት በነበረው ነሐሴ ሥራ አስኪያጃችንን ጥርሱን አመመውና አውሮፕላን ተጠራለት። ዝናቡ አባርቶ ገና ከመሬቱ እንፋሎት እንኳ ሳይነሣ አውሮፕላኗ ያንን ቢጫ ሜዳ ረግጣ አረፈች፤ ጥርሱን ከነባለቤቱ ይዛ ወደ ጎንደር ተነሣች። በዚያው ሰሞን በወባ የወደቁ ወዛደሮች በቃሬዛ ነበር ወደ እኔ የሚመጡት። መንግሥቱ የወዛደር ነው ይባል ነበር፤ አውሮፕላኑ ግን የሥራ አስኪያጅ ጥርስ ነበር።

እኔ የእርሻው ጤና ረዳት ነበርሁ። ሰዉ ሐኪም ይለኛል፤ ደመወዜ ግን ጤና ረዳት እንደሆንሁ አይረሳም። ባለቤቴ እዚያው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት፤ የጎጃም ልጅ፣ ምላሷ ስል፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። በዚያ ክረምት የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ወሯ እየገፋ ሲመጣ ሆዷን ዳበስሁት። የልጁን ጭንቅላት በታች በኩል ብፈልግ አጣሁት፤ ግራ ጎኗ ላይ አገኘሁት። አግድም ተኝቷል። ይዞር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልዞረም። ቀስ ብዬ በእጄ አዞርሁት፤ አድሮ ተመልሶ አግድም ሆነ።

“እንደ ስብሰባ ሰው ተጋድሟል በለኛ” አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። አግድም የተኛ ልጅ አምጠው አይወልዱትም። ሐኪም ካልቀደደ እናትም ልጅም ይሄዳሉ። ይህን ለማወቅ ጤና ረዳትነት ይበቃል፤ ለመቅደድ ግን አይበቃም። ቀዳጁ ያለው ጎንደር ነው። የጎንደር መንገድ ደግሞ ሐምሌ ሳይጋመስ ተዘግቷል፤ ሸሕዲ ላይ መኪናው ተሰልፎ ቆሞ ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ ይባላል።

በዚህ መካከል ከላይ አንድ ትልቅ ጓድ የሰሊጥ አረማ ዘመቻችንን ሊጎበኙ በአውሮፕላን ይመጣሉ የሚል ወሬ መጣ። ሮጬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ጥርሱን ባመመው ሌሊት የማስታገሻ መርፌ የወጋሁት እኔ ነኝና አላሳፈረኝም። “አውሮፕላኗ እንግዳውን አውርዳ ባዶዋን ነው የምትመለሰው። ሚስትህ ትሳፈርባታለች፤ ሂድ፣ ጨርሰሃል” አለኝ። ስወጣ ሜዳውን አየሁት፤ ቢጫ ሆኗል። ፈጣሪን አመሰገንሁ፤ በልቤ ነው ታዲያ፣ ጮክ ብሎ ማመስገን በዚያ ዘመን ስብሰባ ያስጠራል።

ስብሰባው ለማንኛውም ተጠራ።

ካድሬያችን ባሕር ማዶ ጥቂት ወራት ተምሮ የመጣ ልጅ እግር ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ዓይኑ ያየውን አፉ ካልተረጎመለት አያምንም፤ አፉ ደግሞ የሚያውቀው ትርጉም ጥቂት ነው። ተነሣና በመስኮቱ በኩል ወደ ሜዳው ጠቆመ።

“ጓዶች፣ እንግዳችን የሚመጡት የአረማ ዘመቻችንን ሊያዩ ነው። መጀመሪያ የሚረግጡት መሬት በአረም የተወረረ ሆኖ ሲያገኙት ምን እንላቸዋለን?”

ቤቱ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። እውነት ለመናገር አነጋገሩ ያሳምናል። በዚያ ዘመን ከሚያሳምን ነገር በላይ የምፈራው አልነበረም።

የሰብል ባለሙያው እጁን አወጣ። ዲግሪ ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። “ይህ እንኳ አረም አይደለም” አለ። “የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው። መሬቱን ያዳብራል፣ አፈሩን ይይዛል፤ አውሮፕላን በክረምት የሚያርፈውም በእሱ ነው።”

“ፍሬው ይበላል?” አለ ካድሬው።

“አይበላም።”

“ዘይት ይወጣዋል?”

“አይወጣውም።”

“ታዲያ ጓዶች፣ ሰፊ መሬት ይዞ፣ ራሱ ሳያመርት ሌላውን ሳያስመርት፣ ከጥንት ጀምሮ እዚህ ነበርሁ እያለ የተንሰራፋ እሱ ማን ነው? እንዲህ ያለው እኛ የምናውቀው ባላባቱ ነው!”

ተጨበጨበ። የሰብል ባለሙያው ወዲያና ወዲህ አየና “ከዚህ አንጻር ሲታይ…” ብሎ ጀመረ፤ ከዚህ አንጻር ሲታይ ምን እንደሆነ ሳይነግረን ተቀመጠ። ባላባት ዘመድ አለው መባል እንኳን ለሰው ለባቄላም አይበጅም ነበር።

እኔ ተነሣሁ። ሜዳው ከተላጨ ዝናብ ሲመታው ጭቃ እንደሚሆን፣ ጭቃ ላይ ደግሞ አውሮፕላን እንደማያርፍ፣ አምና ያረፈችው በዚህ ተክል መሆኑን ተናገርሁ። “ጓድ ሥራ አስኪያጅ ምስክሬ ናቸው” አልሁ። ሥራ አስኪያጁ ጉንጩን ዳሰስ አደረገና ጣራ ጣራውን አየ።

“ጓድ ጤና ረዳት” አለኝ ካድሬው በትሕትና፣ “ባለቤትህ በዚህ አውሮፕላን ልትሄድ እንደሆነ ሰምተናል። አሁን የምትናገረው እንደ ግለሰብ ነው ወይስ እንደ ሰፊው ሕዝብ?”

“እንደ ባል ነው” አልሁት።

“አያችሁ!” አለ። ሁሉም አየኝ። ግለኝነት የሚባለው በሽታ እንደያዘኝ ተወሰነ፤ በሽታውን ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ያውቀዋል። መድኃኒቱም እዚያው ታዘዘልኝ። አቋሜን በተግባር አስተካክል ዘንድ የማረፊያ ሜዳ አረማ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኜ ተመረጥሁ። ተቃውሞ ቢጠየቅ አልተገኘም።

ቤቴ ገብቼ ስነግራት ባለቤቴ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። “ሊቀ መንበር! እኔን ጭቃ ላይ የሚጥለኝ ኮሚቴ ሊቀ መንበር!” አለች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና ቆም አለች። 

“ስማኝ” አለች እንባዋን ጠርጋ። “በዚህ እርሻ ሳይበላሽ ያለቀ ሥራ አይተህ ታውቃለህ? አምና ሰሊጡን ሳያጭዱት አረገፉት። ለመጋዘኑ ጣራ ሳይሠሩ ቁልፍ ገዙለት። አሁን ሊቀ መንበሩ አንተ ነህ፤ ያንተ ኮሚቴ ሥራውን ቢያበላሽ ማን ይደነቃል?”

የሚስት ምክር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነገሩ ቀላል ነው። አበባውን በማጭድ ላይ ላዩን ማሳጨድ፣ ሥሩን መተው። ከሩቅ ሲያዩት የታረመ ይመስላል፤ አውሮፕላን ሲረግጠው ግን መሬቱ መሬት ነው።

ሥራውን ማን ይሥራ? ከደጋ ለሰሊጥ አረማ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ከማሳ ተጠርተው መጡ። የጎጃም ሰዎች፣ የወሎ ሰዎች፣ የእኛም አገር የደጋ ጎንደሮች አሉበት። አለቃቸው አንድ የጎጃም ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀጠን ያሉ፣ እጃቸው እንደ ግራር ሥር የጠነከረ። እነዚህ ሰዎች በአረማቸው ይኮራሉ። ሥር ቆርጦ ያስቀረ አራሚ ማታውኑ ይዘፈንበታል፤ ዘፈኑ ከእሱ በፊት አገሩ ይገባና ሚስቱ ትሰማዋለች። ለእነሱ ይህን የሚያህል ነውር የለም።

ችግሩ እኔ ብቻዬን አልነበርሁም። ካድሬው ድምፅ ማጉያ የያዘ አንድ ሰው መድቦልኛል፤ ለመቀስቀስ ነው ይባል እንጂ ለመስማትም ነው። አጠገቤ ቆሟል። እንግዲህ እውነቱን በግልጽ መናገር አልችልም።

“አባቴ” አልኋቸው ሽማግሌውን፣ “ብዙ አትድከሙ። ላይ ላዩን በማጭድ በሉት፤ አበባው ከጠፋ ይበቃል። ሥሩን ተዉት።”

“ኧረ ምን ሲደረግ!” አሉ። “እርስዎ ቆመው ባሉበት?”

“የእውነቴን ነው። ፀሐዩም ይጎዳችኋል። ለሰሊጡ ጉልበት አስቀሩ።”

ሽማግሌው ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። “ሰማችሁ? እንዲህ ያለ ደግ ሰው አለ? ለእኛ አዝኖ እኮ ነው!”

እኛን ይሉኝታ ገድሎናል። በአገራችን “አትድከሙ” የተባለ ሰው ሳይደክም ቢቀር ባለጌ ነው። “በቃኝ” የሚል እንግዳ ሦስት ጊዜ ካልተጨመረለት የጠገበ አይባልም፤ “አይገባም” እያለ የሚሸሽ ሰው እየተጎተተ ነው ላይኛው ወንበር የሚቀመጠው። “ተዉት” ባልሁ ቁጥር ደግነቴ በረታ፤ ደግነቴ በበረታ ቁጥር የእነሱ ትጋት ባሰ። ጭራሽ ልለምን አጎንብሼ የሽማግሌውን እጅ ያዝሁ። ያኔማ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ይህን እያልሁ ሳለ እባብ የነደፈው ሰው ክሊኒክ መጥቷል ተብዬ ተጠራሁ። ሰውየው ተረፈልኝ። ወደ ሜዳው የተመለስሁት ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው።

ሜዳው ጥቁር ሰሌዳ ሆኗል። አንድ ቅጠል የለም። ከዳር ክምሩ ቆሟል፤ ሥሩ ከነአፈሩ፣ ክንድ የሚያህለው ሁሉ ሳይበጠስ እየተመዘዘ ወጥቷል። እንዲህ ያለ አረማ ሰሊጥ ማሳ ላይ እንኳ አላየሁም። ካድሬው በደስታ ይመላለሳል፤ ኮሚቴዬን “ሞዴል ኮሚቴ” ይላታል።

ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። “እዩት እስቲ! ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ! ለሌላ ሰው እንዲህ አድርገን አናርምም። አምና እኔን ከወባ ያነሡኝ እርስዎ አይደሉም? እነዚህን ልጆችም ያዳኑ እርስዎ አይደሉም? ለእርስዎ ስንል ነው።”

ክምሩ ላይ ተቀመጥሁ። ድምፅ ማጉያው ከካድሬው ጋር ሄዶ ነበርና ለሽማግሌው ሁሉን ነገርኋቸው። ልጁ አግድም መተኛቱን፣ አውሮፕላኗን፣ ሥሩን ለምን እንዲተዉት እንደለመንሁ። ቆመው ሰሙኝ። ቀይ ፊታቸው ሲጠቁር አየሁት።

“ታዲያ ምነው ይህን ቀድመው ባሉኝ?” አሉ።

ድምፅ ማጉያው የሄደበትን አቅጣጫ አሳየኋቸው። ገባቸው። ተንበርክከው ጉድጓድ በጣታቸው እየቆፈሩ የነቀሉትን መመለስ ጀመሩ። ሰዎቻቸውም አዩና ተንበረከኩ። ይህ ነገር ከንቱ መሆኑን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተነቀለ በአንድ ቀን ሥር አይሰድም። ሳይመሽ ዝናቡ መጣና የተከሉትን እያንሳፈፈ ወሰደው።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁን ሜዳው ጭቃ መሆኑን በሬዲዮ ለጎንደር እንዲያስታውቅ ለመንሁት። ምናልባት አንድ ቀን ቢያዘገዩት ይጠነክራል አልሁ። “ሜዳው ጸድቷል ብለን ሪፖርት አድርገናል” አለኝ። “የጸዳ ሜዳ እንዴት መልሶ ጭቃ ይሆናል?” ከጉብኝቱ ዋዜማ ደግሞ ለእንግዳ መሬት ባዶውን አይቀርብም ተባለና የሴቶች ማኅበር ከወንዝ ዳር ቄጤማ አጭዶ እጭቃው ላይ ጎዘጎዘው። በሥሩ የቆመውን ነቅለን የታጨደውን አነጠፍን። ይህን ሁሉ ጤነኛ ሰዎች ናቸው ያደረጉት፤ ማናቸውም ክሊኒክ መጥተው ራሳቸውን እንዳመማቸው አልነገሩኝም።

የጉብኝቱ ቀን ጠዋት ባለቤቴን ምጥ ያዛት። በአልጋ ተሸክመን ሜዳው ዳር አደረስናት፤ ከላይ ሸራ ወጠርንላት። ካድሬው መጣና አልጋው ከእንግዳው ፊት መታየቱ ደስ እንደማይል ነገረኝ። “ከመፈክሩ በስተጀርባ ብታደርጓት አይሻልም?” አለ። መፈክሩ ሁለት ምሰሶ ላይ የተወጠረ ረጅም ቀይ ጨርቅ ነው፤ “ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!” ይላል። ባለቤቴ ከዚያ ጀርባ ሆና ታምጣለች።

አውሮፕላኗ መጣች። ካፊያ ነበር። አንድ ጊዜ ዞረች። ከዚያ ዝቅ አለች፤ ጎማዋ ተገልጦ ታየኝ፣ በልቤ እየጎተትሁ አወረድኋት። ፓይለቱ ግን የሚያብረቀርቀውን ጥቁር መሬትና ላዩ ላይ የተበተነውን ቄጤማ ሳያይ አልቀረም፤ እብድ አልነበረም። ሞተሩ ጮኸ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አደረገች። ስትታጠፍ አንድ ክንፏን ዘንበል አደረገችና ወደ ጎንደር ዞረች።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። “ጓዶች! የተከበሩ እንግዳችን ከአየር ላይ ሰላምታቸውን ሰጥተውናል! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!”

ተጨበጨበ። በዝናብ የራሰ እጅ ሲያጨበጭብ ይበልጥ ይጮኻል። ሮጬ ከጨርቁ ጀርባ ገባሁ። ባለቤቴ ጭብጨባውን ሰምታ ቀና ብላለች፤ ላብ ባጠመቀው ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር።

“አረፈች?” አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ። ያችን ጭብጨባ ግን ይቅር አላልሁም፤ ይቅር እንድል የሚመክረኝንም ሰው አልወድም።

“አላረፈችም” አልኋት።

ለእንግዳው ድግስ ሙክት እንዲሰጡ ከታዘዙት ነጋዴዎች መካከል መተማ ከተማ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ነበሩ። ሙክታቸውን ይዘው እንደቆሙ ነገሩን ሁሉ አይተዋል። ወደ እኔ መጡ።

“ኸላስ፣ በቃ፣ ልጄ፣ ጎንደርን ተወው” አሉኝ። “ገላባት ሐኪም አለ፤ የሚቀድ ሐኪም። ወላሂ፣ እኔ በበቅሎ ቀድሜ አስነግራለሁ። እናንተ ተሸክማችሁ ኑ።”

ገላባት ማለት ከመተማ ከተማ ማዶ ያለች የሱዳን ከተማ ናት፤ በመካከል አንድ ኾር አለ፣ ኾር የምንለው የክረምት ጎርፍ የሚወርድበትን ሸለቆ ነው። ከጎንደር ይልቅ እጅግ ትቀርበናለች። ያልጠቀስኋት ያለ ነገር አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ኾሩን የተሻገረ ሰው በዚያ ዘመን ኮብላይ ይባላል፣ ኮብላይም በጥይት ነው የሚመለሰው።

ካድሬው እዚሁ ደረሰ። “ጓድ፣ ድንበር ለመሻገር የአውራጃ ፈቃድ ያስፈልጋል” አለ፤ ፊቱ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

ሽማግሌው የአልጋውን አንድ ወገን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተነሥተዋል። “እናንተ ፈቃዱን ጻፉ፣ እኛ እንሸከም” አሉት። “ጽፋችሁ ስትጨርሱ ትደርሱብናላችሁ።”

ትራክተር በዚያ ጭቃ አይንቀሳቀስም፤ ሰው ግን ተንቀሳቀሰ። አራሚዎቹ እየተቀባበሉ ተሸከሟት። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ሁልጊዜ እየዘፈኑ የሚሠሩ ሰዎች ያን ቀን አልዘፈኑም። እኔም አትድከሙ አላልኋቸውም። ባለቤቴ ምጡ ፋታ ሲሰጣት ትከሻው የተላጠ አንድ የወሎ ልጅ እያየች “ወንድሜ፣ ከብጄብሃለሁ” ትለዋለች፤ “ኧረ እንደ ላባ ነሽ” ይላታል እያለከለከ። መተማ ከተማ ልንደርስ ስንል የልጁ እንቅስቃሴ ቀረ። እጄ ሆዷ ላይ ነበርና አወቅሁ። ለእሷ አልነገርኋትም፤ ኋላ ስትነግረኝ እሷ ቀድማኝ አውቃ ኖሯል።

ኾሩ አፋፍ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሟል። አልጋውን አየ፣ እኛን አየ። “እኔ የምጠብቀው ወደ ሸሕዲ በኩል ነው” አለና ጀርባውን ሰጠን። የዚያን ወታደር ፊት ዛሬም ባየው አውቀዋለሁ።

ሐኪሙ ቀደደ። ባለቤቴን አተረፈልኝ። ልጁ ግን በሕይወት አልነበረም። ሴት ነበረች፤ ጸጉሯ ብዙ። ሐጂ ዘመዶቻቸውን ለምነው ከመንደሩ ዳር ቦታ አሰጡን፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ሽማግሌው ናቸው። ሲጨርሱ አፈሩን ደጋግመው በመዳፋቸው ጠፈጠፉት፣ ከዚያ ዞር ብለው እንደ ሴት ጮክ ብለው አለቀሱ። እኔ ነበርሁ የማጽናናቸው።

ባለቤቴ ድና እስክትመለስ ክረምቱ ወጣ። እርሻው እኛን አልጠበቀም፤ እንግዳው ከአየር ላይ ባዩት ጽዳት መደሰታቸው ተጽፎ መጥቶ፣ የሞዴልነት ሰንደቅ ተሸልሟል። ለእኔም የሊቀ መንበርነት የምስጋና ወረቀት ከነማኅተሙ ጠብቆኛል። ስለ ኩብለላው ማንም አላነሣብኝም። የሞዴል ኮሚቴ ሊቀ መንበር ኮበለለ ተብሎ ሪፖርት ቢደረግ ሰንደቁ ይመለሳላ።

በሳምንቱ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ከሁለት አባሎቿ ጋር ልታጽናና መጣች። ጥሩ ሴት ናት፤ ያመጣችው እርጎም ጥሩ ነበር። ተቀምጠው አዘኑ፣ ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ሊቀ መንበሯ ጉሮሮዋን ጠረገችና ማኅበሩ ተሰብስቦ የወሰነውን ተናገረች።

“እህቴ፣ ልጅሽ የእኛም ልጅ ናት። ባዕድ አገር መሬት ላይ መቅረቷ አንጀታችን አልቻለልንም። መንገዱ ሲደርቅ አጽሟን አምጥተን እዚሁ እርሻው ውስጥ እናሳርፋታለን። ድንጋይ እንደረድርላታለን፣ ኖራም እንቀባዋለን። ቦታዋንም አረም እንዳይነካው በየሳምንቱ በዘመቻ እናጸዳላታለን።”

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ስታስተካክል ቆየች። ከተመለሰች ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር፤ ያን ጊዜም አልሳቀች። ቀና ስትል ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቶቼ” አለች። “እዚያው ትተኛ። እዚያ ሣር ቢበቅልባት የሚነቅልባት የለም።”